ቦምብ የማይጥለው አውሮፕላን፦ የአንባብያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አምስቱ በአንድ ጉዳይ ላይ ስላተኮሩ አምዱን በሙሉ ለእነርሱ ሰጥቼዋለሁ። ጉዳዩ በጦርነት ጊዜ የሚደረግ ቅኝት፣ በተለይም ከአየር ላይ የሚደረገው ነው። ጠያቂዎቹ ሁሉም የጣና ዙሪያ ሰዎች ናቸውና የቻልኩትን ያህል ሁላችንም በምናውቀው ሐይቅና በምንረግጠው መሬት እያመሳከርኩ ለመመለስ ሞክሬአለሁ። የአገራችን ታሪክ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ሲሆን፣ የውጭው ታሪክ ሲጠቀስ «እ.ኤ.አ.» የሚለው ተጨምሮበታል።

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር የምኖር የታሪክ መምህርት ነኝ። ነፍሳቸውን ይማርና አያቴ በጣሊያን ጊዜ በዘጌ ልጅ ነበሩ። ቦምብ ከሚጥለው አውሮፕላን ይልቅ ‹ዝም ብሎ የሚዞረውን› አብልጠው ይፈሩት እንደ ነበር ደጋግመው ይነግሩን ነበር። ይህን ለተማሪዎቼ ባወራላቸው ‹ምንም ያልጣለ አውሮፕላን ምን ያስፈራል?› ብለው ጠየቁኝ። እኔም የሚያጠግብ መልስ አላገኘሁላቸውም።»

መልስ፦ አያትዎ የፈሩት ሊፈራ የሚገባውን ነው። ቦምብ ጣዩ የሚመጣው ቦታውን ዐውቆ ነው፤ ቦታውን ያሳወቀው ደግሞ ቀደም ብሎ መጥቶ ዝም ብሎ የዞረው ነው። ዛሬ በአንድ ሰፈር ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ዞሮ የሄደ አውሮፕላን ነገ ምን እንደሚያስከትል አንድ ጊዜ ያየ ሰው፣ የሞተሩን ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ ልቡ ቢርድ አይፈረድበትም።

በ1928ቱ ወረራ ጣሊያኖች ለዚህ ሥራ ካሰማሯቸው አውሮፕላኖች አንዱ ሮ 37 የሚባለው ነበር። ባለ አንድ ሞተርና ባለ ድርብ ክንፍ ሲሆን የሚይዘው ሁለት ሰው ነው፤ ከፊት አብራሪው፣ ከኋላው ተመልካቹ ይቀመጣሉ። ተመልካቹ ጦሩ የት እንደ ሰፈረ፣ ስንት እሳት እንደሚነድ፣ ወንዙ በየት በኩል እንደሚሻገሩት ይመዘግባል፤ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ መድፍ በሚተኮስበት ጊዜም ጥይቱ ከዒላማው አልፎ ወይም ሳይደርስ መውደቁን ለመድፈኞቹ ያመለክታል። ካፕሮኒ የሚባሉት ቦምብ ጣዮች የሚነሡት ይህ ሁሉ ከታወቀ በኋላ ነው። ጎንደርን መጋቢት 23 ቀን 1928 የያዘው፣ ስታራቼ የሚባለው አዛዥ የሚመራው የጣሊያን ጦር በሚያዝያ ወደ ባሕር ዳር ሲወርድ የአያትዎ ዘመን ሕፃናት የአውሮፕላን ድምፅ መለየት የግድ ሆኖባቸው ነበር።

ተማሪዎችዎ ነገሩን ከሥሩ እንዲረዱት ግን ወደ ኋላ መሄድ ይሻላል። ቅኝት ለእኛ አባቶች እንግዳ አልነበረም። ከዋናው ጦር ፊት የሚያድረው ቃፊር፣ ገበያተኛ ወይም ለማኝ መስሎ ጠላት ሰፈር የሚገባው ሰላይ፣ አምባ ላይ ወጥቶ አቧራ የሚቆጥረው ዘበኛ ሁሉም የሠራዊት ዓይኖች ነበሩ። ችግሩ ሰላዩ ያየውን ይዞ በእግሩ ወይም በበቅሎው መመለስ ነበረበት፤ እርሱ እስኪደርስ ወሬው ያረጃል፤ ጠላትም ሰፈሩን ነቅሎ ይሄዳል። ስለዚህ የጦር አለቆች ሁልጊዜ ሁለት ነገር ይመኙ ነበር፤ አንደኛው ከፍ ብሎ ማየት፣ ሁለተኛው ያዩትን ቶሎ መስማት ነው።

የመጀመሪያው ምኞት የተሟላው በባሉን፣ ማለትም ሰው በሚይዝ ትልቅ ፊኛ ነው። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በሰኔ 1794 ዛሬ ቤልጂግ በምትባለው አገር ፍለሩስ ላይ ሲዋጉ በገመድ የታሰረ ባሉን ከፍ አድርገው፣ በውስጡ የተቀመጡ ሰዎች የጠላትን እንቅስቃሴ ለብዙ ሰዓታት እያዩ መልእክት ወደ ታች ይልኩ ነበር። ሁለተኛው ምኞት የተሟላው እ.ኤ.አ. በ1861 ነው፤ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት መጀመሪያ ላይ ታዴዎስ ሎው የተባለው ባሉነኛ የቴሌግራፍ ሽቦ ይዞ ወጥቶ ያየውን እዚያው አየር ላይ ሳለ ለፕሬዚዳንት ሊንከን አስተላለፈ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማየትና ማሳወቅ በአንድ ሰው እጅ ሊሆኑ ቻሉ።

አሁን ወደ አያትዎ ፍርሃት እንመለስ። ጣሊያን ሊቢያን ከኦቶማን ቱርኮች እጅ ለመንጠቅ በዘመተች ጊዜ፣ ካፒቴን ካርሎ ፒያሳ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 23 ቀን 1911 ከትሪፖሊ ተነሥቶ የቱርክን ጦር ሰፈር ከላይ ሲቃኝ ዋለ። በጦርነት ውስጥ በአውሮፕላን የተደረገ የመጀመሪያው ቅኝት ይህ ነው። በኅዳር 1 ቀን ደግሞ ባልደረባው ጁሊዮ ጋቮቲ ትንንሽ ቦምቦችን ይዞ ወጥቶ ዓይን ዛራ በተባለ ቦታ ላይ በእጁ እየወረወረ ጣላቸው። በመካከላቸው ያለው ጊዜ ዘጠኝ ቀን ነው። የአውሮፕላን ጦርነት ገና ሲወለድ ጀምሮ ማየትና መግደል ይህን ያህል ተቀራርበው መጡ፤ አያትዎም በዘጌ ሆነው ያስተዋሉት ይህንኑ ቅርበት ነው። ለተማሪዎችዎ አንድ ተጨማሪ ምሳሌ ቢያስፈልግዎ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1914 ፈረንሳይ ውስጥ የተደረገውን የማርን ጦርነት ይጥቀሱላቸው። ወደ ፓሪስ ይገሰግስ የነበረው የጀርመኑ ጄኔራል የቮን ክሉክ ጦር ከተማዋን ትቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ መታጠፉን የአየር ተመልካቾች አይተው ተናገሩ፤ የፈረንሳይና የእንግሊዝ ጦርም በዚያ በተገለጠው ጎን ላይ ተነሣ። በእነዚያ አውሮፕላኖች ላይ የነበረው ዋና መሣሪያ የሰው ዓይን ነበር።

ጥያቄ፦ «ከደብረ ታቦር ነው የምጽፈው። የጦር አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ ሠራዊት ላይ የበረረው በ1928 ነው ወይስ ከዚያ በፊት? ሽማግሌዎቻችን በራስ ጉግሣ ጊዜ ነው ይላሉ።»

መልስ፦ ሽማግሌዎቹ ልክ ናቸው፤ ጥያቄውም ከደብረ ታቦር መምጣቱ ተገቢ ነው፤ ታሪኩ የተጀመረው እዚያው ነውና።

የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ላይ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ነው፤ ፈረንሳይ ሠራሽ የሆነ ፖቴዝ 25 ሲሆን አብራሪውም ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ነበር። ንጉሥ ተፈሪ አውሮፕላኖቹን ያስመጡት አገሪቱ እንደ ዘመኑ መንግሥታት ዓይንና ክንፍ እንዲኖራት ብለው ነው። አንድ ዓመት ሳይሞላ ግን የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ ሸፈቱና የጦር ሚኒስትሩ ሙሉጌታ ይገዙ እንዲገጥሟቸው ተላኩ። በዚያን ጊዜ አውሮፕላኑ ከሠራዊቱ አስቀድሞ በጌምድር ላይ ደረሰ። መጀመሪያ ያወረደው ወረቀት ነበር፤ የመንግሥቱን ዐዋጅና የቤተ ክርስቲያንን ግዝት የያዘ ወረቀት በራስ ጉግሣ ጦር ላይ ተበተነ። ወረቀት ለመበተንም ቢሆን ጦሩ የሰፈረበት መታየት አለበትና ቅኝቱና ስብከቱ በአንድ በረራ ተሠሩ ማለት ይቻላል። መጋቢት 22 ቀን 1922 አንቺም ላይ ሁለቱ ሠራዊቶች ሲገናኙ አውሮፕላኑ ቦምብ ጣለ፤ ራስ ጉግሣም በዚያ ቀን ወደቁ። እቴጌ ዘውዲቱ ያረፉት ከሁለት ቀን በኋላ ነው።

ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ከግዝቱም ከቦምቡም ይልቅ የሚከብደኝ የሰዉ ሁኔታ ነው። በጌምድር ያን ጊዜ የለመደው ጦርነት በነጋሪት፣ በፈረስ ጉግስና በጠመንጃ ነበር። ጠላት ማለት ወደ ፊት ሲያዩ የሚታይ ነው። ከላይ የሚመለከት ሲመጣ ግን ወዴት ዞሮ እንደሚሸሽ፣ ምን ጋሻ እንደሚያነሣ የሚነግረው አልነበረም። ግዝቱም ከሰማይ መውረዱ ለሃይማኖተኛ ወታደር ቀላል ነገር እንዳልነበረ መገመት አያዳግትም።

የዚህ ታሪክ መራራ ክፍል ግን ከስድስት ዓመት በኋላ ያለው ነው። አንቺም ላይ አውሮፕላን የረዳቸው ሙሉጌታ በየካቲት 1928 አምባ አራዶም ላይ ራስ ተብለው የኢትዮጵያን ሠራዊት ሲመሩ ነበር። በዚያን ጊዜ የአየሩ ዓይን በሙሉ የጠላት ነበር። የጣሊያን ጦር አዛዥ የባዶልዮ አውሮፕላኖች አምባውን ከላይ ሲቃኙ፣ መድፉን ሲመሩና የሚያፈገፍገውን ሠራዊት በቦምብና በመርዝ ጋዝ ሲያሳድዱ ሰነበቱ። ሌላ መጋቢት 22 ቀን፣ በ1928 ማይጨው ላይ በተደረገው ጦርነትም ጣሊያኖች ከአውሮፕላኑ በተጨማሪ የኢትዮጵያን የሬዲዮ መልእክት ጠልፈው ያዳምጡ ስለ ነበር ንጉሠ ነገሥቱ ሊያጠቁ መሆኑን አስቀድመው ዐውቀዋል።

ጥያቄ፦ «ከጣና ዳር ነኝ፤ ዓሣ አስጋሪ ነኝ፤ አባቴም አያቴም በታንኳ ኖረዋል። አርበኞች በሐይቁ ላይ በታንኳ ሲሻገሩ አውሮፕላን አያያቸውም ነበር ሲባል እሰማለሁ። ሐይቅ ላይ መሸሸጊያ የለም፤ ታዲያ እንዴት ነው የማይታዩት?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህን ጥያቄ ለመመለስ አንድ ጠዋት ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ወጥቼ ሐይቁን ስመለከት ቆየሁ። ውሃው ገና ተኝቶ ነበር። ከዘጌ በኩል ማገዶ የጫነ ታንኳ ሲመጣ ለብዙ ጊዜ ታንኳውን ሳይሆን ያየሁት ከኋላው የሚተወውን ፈለግ ነው። የደረቀ ደንገል ቀለሙ ከጠዋቱ ውሃ ጋር ይመሳሰላል፤ ታንኳውም ዝቅ ብሎ ስለሚሄድ ጥላ እንኳ የለውም። ፈለጉ ግን እንደ ተገለበጠ «ሀ» ከኋላው እየሰፋ በረጋው ውሃ ላይ ረዝሞ ይታያል፤ ጫፉን በዓይኔ ተከትዬ ነው ቀዛፊውን ያገኘሁት። ረፋድ ላይ ነፋስ ተነሥቶ ውሃው ሲሸበሸብ ግን ሌሎች ሦስት ታንኳዎች እዚያው እያሉ አንዱንም መለየት አቃተኝ። በፀሐይ በኩል ያለው ውሃም እንደ መስተዋት ስለሚያበራ ዓይን አያሳርፍም።

ከአየር የሚቃኝ ሰው የሚፈልገውም ይህንኑ ነው፤ ነገሩን ራሱን ሳይሆን ነገሩ የሚተወውን ምልክት ነው። የተረገጠ ሣር፣ ወደ አንድ ጫካ ብቻ የሚገባ አዲስ የእግር መንገድ፣ ያለ ሰዓቱ የሚጨስ ጭስ፣ በቁጥቋጦ ላይ የተሰጣ ነጭ ሸማ፣ የሚያብረቀርቅ ብረት እያንዳንዱ ጠቋሚ ነው። ሸማችን በአረንጓዴ ወይም በቡኒ መሬት ላይ ከሩቅ የሚጣራ ቀለም መሆኑን በ1928 ብዙ ሰው በሕይወቱ ከፍሎ ተምሮታል። በታንኳ የሚሻገር ሰው እንግዲህ በሌሊት ወይም ነፋስ በተነሣበት ሰዓት ከሄደ፣ የሐይቁ ዳር ደግሞ ደንገል ካለው፣ ከላይ ላለው ዓይን ለመሰወር በቂ ነገር ነበረው። በረጋ ጠዋት መካከል ላይ ከተገኘ ግን ማንም አያድነውም። የሰሙት ወሬ እውነት የሚሆነውም ሐሰት የሚሆነውም እንደ ሰዓቱ ነው።

የዘጌ ነገር ደግሞ ከዚህ የተለየ ነው። ቡናው የሚበቅለው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ስለሆነ መንገዱም፣ ቤቱም፣ ገዳማቱም ከላይ ሲታዩ አንድ ጥቁር አረንጓዴ ምንጣፍ ናቸው። በዚያ ሥር ሰው ቡና እየለቀመ ሲውል ከአውሮፕላን ላይ ያለው ተመልካች የሚያየው የዛፍ ጫፍ ብቻ ነው።

ስለ መሸሸግ ከተነሣ አይቀር እዚሁ ጎጃም ውስጥ የሆነውን ልጨምር፤ ከታንኳው ይልቅ ይህ ይበልጥ ያስደንቀኛል። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ኦሜድላ ላይ ድንበር ተሻግረው ሲገቡ በእንግሊዙ መኮንን በዊንጌት የሚመራው የጌዲዮን ጦር ከ2,000 ሰው አይበልጥም ነበር። ቡሬ ላይ የነበረው የጣሊያን ጦር በብዙ ሺህ የሚቆጠር ከመሆኑም በላይ አውሮፕላን ነበረው። ዊንጌት ግን ሌሊት ሌሊት እየተጓዘ፣ በተለያየ አቅጣጫ ድንገት እየተኮሰ፣ በየስፍራው የተነሡት የጎጃም አርበኞችም ጣሊያንን በየመንገዱ እየወጉ፣ የጦሩ መጠን ከእውነተኛው እጅግ የበዛ መስሎ እንዲታይ አደረጉ። የጣሊያን አዛዥ በየካቲት መጨረሻ ቡሬን ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ አፈገፈገ። ከዚያ በፊትም የጣሊያኑ ኮሎኔል ቶሬሊ ዳንግላን ለቆ ባሕር ዳር ገብቶ ነበር። አውሮፕላን ሰውን ሊቆጥር ይችላል፤ ሕዝቡ ከማን ጋር እንደ ሆነ ግን አይቆጥርም፤ ጣሊያኖቹ ከጎጃም ሕዝብ ውስጥ እውነቱን የሚነግራቸው አጥተው ነበርና የአየር ዓይናቸው ብቻውን አልበቃቸውም።

ጥያቄ፦ «የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ የምማረውም የመሬት ልኬት ነው። በቀድሞው ጊዜ ኮምፒዩተርና ሳተላይት ሳይኖር ከአንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ላይ ርቀትና ቁመት የሚለኩት እንዴት ነበር? ስሕተትስ አልነበረውም?»

መልስ፦ መሠረቱ ቀላል ስሌት ነው። የካሜራው ሌንስ የትኩረት ርቀት (ከሌንሱ እስከ ፊልሙ ያለው ርቀት) ለበረራው ከፍታ ሲካፈል የፎቶው ስኬል ይገኛል። ሌንሱ 15 ሴንቲ ሜትር ሆኖ አውሮፕላኑ ከመሬቱ 3,000 ሜትር ከፍ ካለ ስኬሉ 1 ለ20,000 ነው፤ በፎቶው ላይ ያለ አንድ ሴንቲ ሜትር በመሬት ላይ 200 ሜትር ይሆናል። ዋናው ነገር ከፍታው ከመሬቱ እንጂ ከባሕር ወለል የሚለካ አለመሆኑ ነው። የጣና ውሃ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ነው። በከፍታ መለኪያው 4,800 ላይ የሚበር አውሮፕላን በሐይቁ ላይ ሲሆን 3,000 ሜትር ከፍታ አለው፤ በዚያው መስመር ሄዶ ከ4,100 ሜትር በላይ የሆነው የጉና ጫፍ ላይ ሲደርስ ግን ከበታቹ ያለው 700 ሜትር እንኳ አይሞላም። ሁለቱን ፎቶዎች በአንድ ስኬል የለካ ሰው ጉና ላይ ያለውን ጎጆ የአዳራሽ ያህል አድርጎ ይጽፈዋል። ከጠየቁት ስሕተት የመጀመሪያው ይህ ነው፤ እንደ እኛ ባለ ተራራማ አገርም በቀላሉ የሚደርስ ነው።

ቁመት በሁለት መንገድ ይለካል። አንደኛው በጥላ ነው፤ ፀሐይ 45 ዲግሪ ላይ ስትሆን ጥላው ከነገሩ ቁመት ጋር እኩል ይሆናል፤ ከዚያ ዝቅ ስትል ጥላው ይረዝማል፤ ስለዚህ የጠዋትና የማታ ፎቶ ለአንባቢው ብዙ ይነግረዋል። ሁለተኛው በጥንድ ፎቶ ነው። አውሮፕላኑ እየሄደ ተከታታይ ፎቶ ሲያነሣ ሁለት ጎረቤታሞች 60 ከመቶ ያህል እንዲደራረቡ ይደረጋል፤ ጥንዶቹ ስቴሪዮስኮፕ በሚባለው ባለ ሁለት ሌንስ መመልከቻ ሥር ጎን ለጎን ሲቀመጡ እያንዳንዱ ዓይን አንዱን ብቻ ያያል። እኔ ይህን መሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁበትን ቀን አልረሳውም። ለጥቂት ጊዜ ሁለቱ ምስሎች እየተንቀሳቀሱ ዓይኔን ካስቸገሩኝ በኋላ ድንገት ገጠሙ፤ ያን ጊዜ ጠፍጣፋ የነበረው ገደል ወደ ታች ሰመጠ፣ በጫካው መካከል የነበረች ነጠብጣብም የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ሆና ወደ ዓይኔ ተነሣች። እጄን ሰድጄ ልነካት ምንም አልቀረኝም። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ሺህ ሰዎች ምሽግ፣ ድልድይና የተሸሸገ መድፍ ሲፈልጉ የዋሉት እንዲህ እያጎነበሱ ነው።

ከልኬቱ ስሕተት የሚብሰው ግን የንባብ ስሕተት ነው። ዐድዋን ያስታውሷል። የጄኔራል አልቤርቶኔ ብርጌድ የካቲት 23 ቀን 1888 የሄደበት ንድፍ ካርታ «ኪዳነ ምሕረት» የሚለውን ስም በተሳሳተ ኮረብታ ላይ ጽፎት ነበር። አገሬው እንዳ ኪዳነ ምሕረት የሚለው ቦታ ግን ከዚያ ብዙ አልፎ ነው። አልቤርቶኔ ስሙን ተከትሎ ሄደ፤ ከቀሩት ብርጌዶችም ተነጥሎ በሠራዊታችን መካከል ብቻውን ተገኘ። ከዚያም በፊት የኢትዮጵያው ሰላይ ባሻ አውዓሎም የኢትዮጵያ ጦር ስንቅ ፍለጋ ተበትኗል ብለው ለጣሊያኖች አሳምነዋቸው ነበር። ይህ የጣሊያን ጦር ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1887 እና በ1888፣ ሰሐጢ አካባቢ ባሉን አውጥቶ የቃኘ መንግሥት ጦር ነው፤ የዘመኑ መሣሪያ አልጎደለውም፤ የጎደለው የአንዲት ኮረብታ ትክክለኛ ስም ነው።

ሌላው ምሳሌ ኩባ ናት። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 1962 ዩ-2 የተባለው የአሜሪካ አውሮፕላን በኩባ ላይ በረረና 928 ፎቶግራፎች አንሥቶ ተመለሰ። በፎቶዎቹ ላይ የታየው ረጃጅም ነገር ሚሳይል መሆኑን፣ የየትኛው ዓይነት እንደ ሆነና ዝግጅቱ ምን ደረጃ ላይ እንደ ደረሰ አንባቢዎቹ ሊለዩ የቻሉት ፔንኮቭስኪ የተባለው የሶቪየት መኮንን አስቀድሞ በድብቅ ያስተላለፋቸው የሚሳይል ሰነዶች በእጃቸው ስለ ነበሩ ነው። ለሙያዎ ከዚህ የሚጠቅመው፣ ፎቶ ሲያነቡ ከስቴሪዮስኮፑ ጎን ቦታውን በእግሩ የሚያውቅ ሰው እንዲኖር ማድረግ ነው። የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሜጀር ቺስማን የጣናን ዙሪያና የአባይን ሸለቆ በበቅሎና በእግር ተዘዋውሮ ካርታ ያነሣ ሰው በመሆኑ፣ በ1933ቱ ዘመቻ በካርቱም የኢትዮጵያን መረጃ እንዲያደራጅ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም።

ጥያቄ፦ «በአንዲት የገጠር ደብር የማገለግል ቄስ ነኝ። ጣሊያን ከአየር ያነሣቸው ፎቶግራፎች ዛሬም አሉ ይባላል። እውነት ከሆነ የደብራችን ጫካ ድሮ እስከ የት ይደርስ እንደ ነበር ሊያሳዩን ይችላሉ?»

መልስ፦ አባታችን፣ አሉ። ከ1927 እስከ 1933 ባለው ጊዜ ውስጥ ጣሊያኖች ካነሷቸው መካከል ብዙዎቹ አዲስ አበባ በነበረው የካርታ ሥራዎች ድርጅት ተቀምጠው ተገኝተዋል። የቤልጂጉ የጌንት ዩኒቨርሲቲና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ሲቆጥሯቸው 8,281 ሰሌዳዎች ሆኑ፤ በእያንዳንዱ ጠንካራ ሰሌዳ ላይ አራት ፎቶዎች ተለጥፈዋል፤ አንዱ ቀጥታ ወደ ታች፣ ሁለቱ ወደ ጎን ዘመም ብለው፣ አራተኛው ደግሞ ርቆ አድማሱን ጨምሮ የተነሣ ነው። አገሪቱን ሁሉ አይሸፍኑምና የእርስዎ ደብር በውስጣቸው መኖሩ በየሰሌዳው የሚታይ ነው። ባይገኝ እንኳ በአባይ ተፋሰስ እ.ኤ.አ. በ1957 በ1 ለ50,000 የተነሡ ሌሎች ፎቶዎች ስላሉ እነርሱን መጠየቅ ይቻላል።

ለወረራ የተነሣ ፎቶ ዛሬ ለደብር ጫካ ምስክር መሆኑ ልቤን ይነካዋል። ከላይ ሲታይ የእኛ ቤተ ክርስቲያን በታረሰ መሬት መካከል ያለ ጥቁር ክብ ነው፤ ከዚያ ክብ መካከል ጣራው እንደ ነጥብ ይታያል። የጣሊያኖቹ ቀጥታ ፎቶዎች ስኬል ወደ 1 ለ11,500 ስለሚጠጋ ሁለት ሚሊ ሜትር የሆነ ጣራ በመሬት ላይ 23 ሜትር ይሆናል፤ የጫካው ዳርቻ አንድ ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ ከተገኘም 115 ሜትር ተቆርጧል ማለት ነው።

ፎቶው እስኪገኝ ድረስ ግን አንድ ሥራ በእጅዎ አለ። ከውጭው ቅጥር እስከ ቤተ መቅደሱ ግድግዳ በአራቱም ማዕዘን ስንት እርምጃ እንደ ሆነ ይለኩና ይጻፉት። ያረጁትን ዛፎች፣ ወይራውን፣ ዝግባውንና ዋርካውን፣ ከየት በኩል እንደ ቆሙ ይመዝግቡ። የደብሩን ሽማግሌዎችም ጫካው በልጅነታቸው እስከ የትኛው ቦይ ወይም ድንጋይ ይደርስ እንደ ነበር በቦታው ላይ ወስደው ያሳዩዎት። ሰሌዳው የተገኘ ዕለት ከአጠገቡ የሚቀመጠው ይህ ጽሑፍ ነው።